ከደጋ ወደ ቆላ በአንድ ሻንጣ፡- ወደ ቆቦና ራያ ቆላ ለሚጓዙ የዕቃ አዘገጃጀት መመሪያ

በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኘው የቆቦ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ናት። የራያ ቆቦ ወረዳ በምሥራቅ ከአፋር ክልል፣ በሰሜን ከትግራይ፣ በምዕራብ ደግሞ ከግዳን ደጋማ አካባቢዎች ጋር ይዋሰናል። ይህ አቀማመጥ አካባቢውን የደጋና የቆላ፣ የገበሬና የአርብቶ አደር መገናኛ እንዲሆን አድርጎታል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሕዝብም ብዙ ነው። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ታካሚው፣ ለበዓል ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው፣ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ በዚሁ ጎዳና ያልፋል።

ሻንጣ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ መስሎ ቢታይም በአግባቡ ካልተከናወነ ተጓዡን ለወጪ፣ ለእንግልት፣ አንዳንዴም ለጤና ጉዳት የሚዳርግ ነው። ብዙዎች ጥሩ አዘገጃጀት ማለት በአንድ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ዕቃ ማጨቅ እንደሆነ ያስባሉ። ይሁን እንጂ የአዘገጃጀት ዋናው ቁም ነገር እያንዳንዱ ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት በእጅ መገኘቱ ነው። ከመኪናው ጣሪያ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የታሰረ መድኃኒት መንገድ ላይ ለታመመ ሰው አይደርስለትም። በሻንጣው ሥር የተቀበረ ጋቢም ጣርማበር ላይ ብርድ አያስጥልም። በመሆኑም ወደ ራያ ቆላ የሚጓዝ ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ መድረሻውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ማሰብ ይኖርበታል።

የመንገዱ ጠባይ

ከአዲስ አበባ ወደ ቆቦ የሚወስደው መንገድ ተጓዡን በአንድ ቀን ውስጥ በተለያዩ የአየር ጠባዮች ያሳልፈዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። ከዚያ ቀጥሎ የሚገኘው የጣርማበር ዋሻ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ጉምና ቆፈንም አይለየውም። መንገዱ ከጣርማበር በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከዚያ በከሚሴ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ደሴ ሲያሻቅብ ተጓዡ ዳግመኛ ብርድ ያገኘዋል። ከደሴ በኋላ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ ይደርሳል። ከወልድያ ወደ ሰሜን ሲወርድ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ራያ ሜዳ ይገባል። ቆቦ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች።

የአየር ሙቀት በእያንዳንዱ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚለዋወጥ ይታወቃል። በዚህ ስሌት በጣርማበርና በቆቦ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን የ10 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያስከትላል። ይህም ማለት ተጓዡ ጎህ ሳይቀድ ሹራብና ጋቢ ደርቦ የተነሣበትን ጉዞ ከሰዓት በኋላ በስስ ሸሚዝ ይጨርሳል ማለት ነው። ጉዞው ከቆቦ አልፎ የሚቀጥል ከሆነም ለውጡ አያበቃም። ከቆቦ በስተሰሜን አላማጣ እንደ ቆቦ ቆላ ስትሆን፣ ከአላማጣ በግራ ካሕሱ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ተወጥቶ የሚደረስባት ቆረም ግን 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት።

ዝናቡም ሌላው ግምት ውስጥ የሚገባ ጉዳይ ነው። የአካባቢው ዋና የዝናብ ወቅት ክረምት ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። በምዕራብ ካሉት ተራሮች የሚነሡት እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች በዚህ ወቅት ሞልተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። በክረምት የሚጓዝ ሰው መኪና ሊዘገይ እንደሚችል፣ ሻንጣውም በዝናብ ሊመታ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከአቁማዳ እስከ ባለ ጎማ ሻንጣ

ዕቃን ለመንገድ ማሰናዳት ለአገራችን ሕዝብ አዲስ እውቀት አይደለም። ቀደምት ተጓዦች እህልና ዱቄት በአቁማዳና በስልቻ፣ ውኃ በቅልና በኮዳ፣ የተሠራ ምግብ በአገልግል ይይዙ ነበር። ለስንቅም በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ የተመረጡት በዘፈቀደ አልነበረም። ሁሉም ደረቅ፣ ቀላል፣ ሳይበላሹ የሚቆዩና እሳት ሳያስፈልጋቸው ወይም በጥቂት ውኃ ብቻ የሚበሉ ናቸው። ይህ ሥርዓት የዛሬ የጉዞ ባለሙያዎች ከሚመክሩት መሠረታዊ ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም ክብደቱ ያነሰ፣ ጥቅሙ የበዛ ዕቃ መምረጥ ነው።

በበቅሎ፣ በአህያና በግመል የሚጭኑ ነጋዴዎችም ሌላ ትምህርት ትተዋል። ጭነት በግራና በቀኝ እኩል ካልተመዛዘነ ይንጋደዳል፤ ከብቱንም ያቆስላል። ከባዱ ዕቃ በሥር፣ ቀላሉ በላይ ይሆናል። መንገድ ላይ የሚፈለገው ስንቅና ውኃ ደግሞ ጭነቱ ሳይፈታ በሚወጣበት ቦታ ይቀመጣል። ዛሬ አንድ ሰው ሁለት ሻንጣ ይዞ ሲሄድ ክብደቱን ለሁለቱ ቢያካፍል ትከሻውና ወገቡ የሚያርፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሻንጣ በጎማ ላይ መንከባለል የጀመረው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። በርናርድ ሳዶ የተባለ አሜሪካዊ ባለ ጎማ ሻንጣ ሠርቶ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ዛሬ በየአውሮፕላን ማረፊያው የሚታየውን ቆሞ የሚጎተትና መያዣው የሚሳብ ሻንጣ የፈለሰፈው ደግሞ ሮበርት ፕላዝ የተባለ የአውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1987 ነው። ይህ ዓይነቱ ሻንጣ ለለስላሳ ወለል የተሠራ ነው። በጠጠርና በአሸዋ መንገድ፣ በጭቃም ላይ ጎማው ብዙም አያገለግልም። ከመናኸሪያ ወጥቶ በባጃጅ ወይም በጋሪ ወደ ሠፈር፣ ከዚያም በእግር ወደ ገጠር ቀበሌ የሚዘልቅ ሰው በትከሻ የሚያዝ ወይም በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ቢመርጥ ይሻለዋል። የጎማውና የብረት እጀታው ክብደትም ለሌላ ዕቃ ሊውል ይችል የነበረ ክብደት ነው።

ዕቃን በሦስት መክፈል

በረጅም ርቀት አውቶቡስ ትልልቅ ሻንጣዎች በጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ወይም ከመኪናው ሥር ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ይጫናሉ። ጉዞው እስኪያበቃም በአብዛኛው አይወርዱም። ስለዚህ ተጓዡ ዕቃውን ከመደርደሩ በፊት በሦስት ቢከፍለው መልካም ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ከአካል የማይለይ ነው። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ለመንገድ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ገንዘብ፣ የባንክ ካርድና የእጅ ስልክ በውስጥ ኪስ ወይም በወገብ ቦርሳ ይያዛሉ። ለሻይና ለምሳ የሚመዘዘው ገንዘብ ለብቻው በሌላ ኪስ ቢሆን ዋናውን በሰው ፊት ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ክፍል በእጅ ቦርሳ ተይዞ ከወንበር ሥር ወይም ከጭን ላይ የሚቀመጥ ነው። በዚህ ውስጥ መድኃኒት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ጥቂት ስንቅ፣ ሹራብ፣ ሶፍት፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ የትምህርት ወይም የሕክምና ማስረጃ፣ ሕፃን ለያዙ ደግሞ የሕፃኑ ምግብና ልብስ ይገባሉ። ለዚህ ቦርሳ ይዘት አንድ መለኪያ አለ። ትልቁ ሻንጣ ቢጠፋ ወይም አንድ ቀን ቢዘገይ ተጓዡ በእጁ ባለው ብቻ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ማለፍ መቻል አለበት።

ሦስተኛው ክፍል ወደ ጣሪያ የሚወጣው ነው። በዚህ ውስጥ የሚገባው ቢጨመቅ፣ ቢንከባለልና ሌላ ሻንጣ ቢጫነው የማይጎዳ ዕቃ መሆን ይኖርበታል። ጉዞው በአንድ ቀን ባያልቅና በደሴ ወይም በወልድያ ማደር ግድ ቢሆን፣ ለአዳር የሚያስፈልገው ልብስ ከሁሉም በላይ ቢቀመጥ ሻንጣውን በሙሉ መገልበጥ አያሻም።

የልብስ ምርጫ

ሻንጣ የሚከብደው በአብዛኛው በልብስ ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት ተጓዡ ለእያንዳንዱ ቀን የተለየ ልብስ መያዙ ነው። ከዚህ ይልቅ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን የሚበቃ ልብስ ይዞ ማጠብ ይመረጣል። በራያ ሜዳ የበጋ ፀሐይ ስስ ልብስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚደርቅ ይህን ማድረግ አያዳግትም። ከላይና ከታች የሚለበሱት ልብሶች ቀለማቸው እርስ በርስ የሚስማማ ከሆነ ሦስት ሸሚዝና ሁለት ሱሪ በስድስት ዓይነት መንገድ ሊለበሱ ይችላሉ።

ለቆላው ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለና እጀ ረጅም የጥጥ ልብስ ተስማሚ ነው። እጀ ረጅም መሆኑ ከፀሐይም ከወባ ትንኝም ይከላከላል። የአካባቢው ወንዶች የሚያገለድሙት ሽርጥም ለሙቀት የተመቸ፣ ሲታጠፍ ጥቂት ቦታ ብቻ የሚይዝ ልብስ ነው፤ እንግዳ ተጓዥም ለማደሪያ ቢይዘው ይጠቀምበታል።

ለደጋው ደግሞ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ልብሶችን መደራረብ ይሻላል። በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀትን ይይዛል፤ ሙቀት ሲመጣም አንድ በአንድ ማውለቅ ይቻላል። ነጠላ በሁለት ድርብ፣ ጋቢ በአራት ድርብ የሚዘጋጁት በዚሁ የመደራረብ ጥበብ ነው። ጋቢ በሻንጣ ውስጥ ከገባ ግን ግማሹን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ጋቢ በትከሻ ወይም በእጅ ቢያዝ ጣርማበር ላይ መደረቢያ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ መደገፊያ፣ ሲታደር ደግሞ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ጫማ ከሁለት ጥንድ ባይበልጥ ይመከራል። ከሁለቱ ከባዱ በእግር ተደርጎ ይኬዳል፤ ቀላሉ ወይም ነጠላ ጫማው በሻንጣ ይገባል።

አደራደር

ዕቃ ከመደርደሩ በፊት ሁሉንም አልጋ ወይም ሰሌን ላይ ዘርግቶ ማየት ይጠቅማል። ተዘርግቶ ሲታይ የተደጋገመው ዕቃ ይለያል፤ የተረሳውም ይታወሳል። ከዚያ በኋላ አደራደሩ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢከናወን ቦታና ጉልበት ይቆጥባል።

በመጀመሪያ ከባዱ ዕቃ ይገባል። ሻንጣው ባለ ጎማ ከሆነ ጫማ፣ መጻሕፍትና የመሳሰሉት በጎማው በኩል ይሆናሉ፤ ሻንጣው ሲቆም ከባዱ ከታች ስለሚሆን አይወድቅም። በጀርባ የሚታዘል ከሆነ ግን ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ መሐል ላይ ቢቀመጥ ትከሻን አይጎትትም። የጫማው ውስጥ ባዶ መቅረት የለበትም፤ ካልሲና ትናንሽ ዕቃዎች ይጎረሱበታል።

ቀጥሎ ልብስ ይደረደራል። ካናቴራ፣ የውስጥ ልብስና ሱሪ ጥብቅ ተደርገው ቢጠቀለሉ ክፍተት ሳይተዉ ይገጠማሉ፤ ሹል የመታጠፊያ መስመርም አያወጡም። ኮት፣ ሸሚዝና የሐበሻ ቀሚስ ግን ተዘርግተው ከላይ ይታጠፋሉ። የቀሚሱ ጥልፍ ወደ ውስጥ ሆኖ ነጠላው በመካከሉ ቢገባ ጥልፉ አይጎዳም፤ መታጠፊያውም አይሰበርም። በመጨረሻም ቀበቶ፣ ፎጣና የመሳሰሉት በጠርዝና በማዕዘን ያለውን ክፍተት ይሞላሉ። ክፍተት ያለው ሻንጣ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ያለው ሁሉ ይናወጣልና ሻንጣው ከዕቃው መጠን ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

ፈሳሽ ነገር ሁሉ ክዳኑ ተጠብቆ በፕላስቲክ ከረጢት ይቋጠራል። ጠርሙስ እስከ አፉ ባይሞላ ይመረጣል፤ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ፣ ከቆላም ወደ ደጋ ሲወጣ የአየር ግፊትና ሙቀት ስለሚለዋወጥ የሞላ ጠርሙስ ሊያፈስ ይችላል። በክረምት ወቅት ልብሱ በሙሉ በትልቅ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ወደ ሻንጣው ቢገባ በጣሪያ ላይ ዝናብ ቢመታውም አይበሰብስም። ሻንጣው ከውጭ የባለቤቱ ስምና የስልክ ቁጥር ቢጻፍበት፣ ደማቅ ክርም ቢታሰርበት በመናኸሪያ ከሌላው ጋር አይሳሳትም። ተመሳሳይ ጽሑፍ በሻንጣው ውስጥም ቢቀመጥ ከውጭ ያለው ቢቀደድ ያገለግላል።

ጤናን የሚመለከቱ ዕቃዎች

የራያ ሜዳ ለወባ የተጋለጠ አካባቢ ነው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2 ሺህ ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች የሚከሰት ሲሆን፣ ዋናው የሥርጭት ጊዜ ከክረምት ዝናብ በኋላ ያሉት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ናቸው። ደጋ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ ለከባድ ሕመም ይጋለጣል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ሲታጠፍ ከአንድ ፎጣ ያልበለጠ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ ከሻንጣ የማይቀር ዕቃ ነው። ተጓዡ ከቆላ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢሰማው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድና ወደ ቆላ ተጉዞ እንደነበር መናገር ይኖርበታል።

በሙቀት ምክንያት ሰውነት ብዙ ውኃ ስለሚያጣ በቂ ውኃ መያዝ ግድ ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ሁለት ወይም ሦስት ፓኮ ቢያዝ ክብደቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዱ ፓኮ በፓኮው ላይ በተጻፈው መጠን፣ በአብዛኛው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል።

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስምና ሌላ የማያቋርጥ ሕመም ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በትልቁ ሻንጣ ማስጫን የለባቸውም። በተለይ ኢንሱሊን ሙቀት የሚያበላሸው መድኃኒት ነው። በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ሊቆይ ቢችልም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ኃይሉን ያጣል። በፀሐይ የሚነድ የአውቶቡስ ጣሪያ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። የተበላሸ ኢንሱሊን በዓይን ላይታወቅ ስለሚችል አደጋው የሚገለጠው ሕመሙ ሲባባስ ነው። መድኃኒቱ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣ ወረቀቱ፣ ለጉዞው ከሚያስፈልገው ቀን ቢያንስ በአንድ ሳምንት ተጨምሮ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። መድኃኒቱን በቀጥታ ከበረዶ ጋር ማገናኘትም ያበላሸዋልና ጥንቃቄ ያሻል።

ስንቅ፣ ስጦታና የሶለል ጉዞ

ወደ ዘመድ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ሻንጣም ከመጠን በላይ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በስጦታ ምክንያት ነው። ከመነሻው ለስጦታ የሚሆን ቦታ መተው፣ ሲመለሱ ለሚሰጠው ስንቅም ታጣፊ ከረጢት በሻንጣው ሥር አንጥፎ መሄድ ጠቃሚ ነው። በርበሬና ሽሮ በሁለት ድርብ ከረጢት ካልታሰሩ ልብስ ያበላሻሉ። ቅቤ በቆላ ሙቀት ስለሚቀልጥ አፉ በሚጠብቅ ዕቃ ተደርጎ ከልብስ ተለይቶ መያዝ አለበት። ከራያ ሜዳ የሚመለስ ተጓዥ የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም መግዛቱ የተለመደ ነው፤ ሽንኩርት አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ቲማቲም በካርቶን ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለቱም ከልብስ ጋር መቀላቀል የለባቸውም።

ወደ ቆቦ ከሚደረጉ ጉዞዎች መካከል የነሐሴው ጉዞ የተለየ ነው። ልጃገረዶች የሚያደምቁት ባህላዊ በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ደግሞ ሶለል እየተባለ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ይከበራል። ለዚህ በዓል የሚመጣ ተጓዥ የሐበሻ ቀሚስና ጌጣጌጥ ይይዛል፤ ወቅቱ ግን ዝናብ የሚበረታበት ነው። ስለዚህ ቀሚሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጌጣጌጡ በእጅ ቦርሳ ሆኖ፣ ጭቃ የሚችል ጫማም ታክሎ መሄድ ይገባል። በታኅሣሥ መጨረሻ የገናን በዓል ለማክበር ከቆቦ በወልድያና በጋሸና አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ምእመን ደግሞ በተቃራኒው ከቆላ ወደ ውርጭ ይወጣል። ሌሊቱን በቅዳሴና በማሕሌት ደጅ የሚያሳልፍ በመሆኑ ጋቢውን፣ ካልሲውንና የራስ መሸፈኛውን ሊረሳ አይገባም።

ተማሪዎችና ታካሚዎች

ከአካባቢው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ አዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያው ሻንጣ የወላጆችም ጭንቀት ነው። የዩኒቨርሲቲዎች የጥሪ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ማስረጃዎችን ዋናና ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ እንዲያዝ ይጠይቃል። የትምህርት ማስረጃው ዋና ቅጂ ምንጊዜም በእጅ ቦርሳ መሆን አለበት፤ ልብስ ቢጠፋ ይገዛል፤ ማስረጃ ቢጠፋ ግን ምዝገባውን ያስተጓጉላል። ብርድ ልብስ ለብቻው በገመድ ተጠቅልሎ ቢታሰር የሻንጣውን ቦታ አይወስድም። የተመደቡበት ከተማ ደጋ ይሁን ቆላ አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅም ከቆቦ ሙቀት ለወጣ ልጅ አስፈላጊ ነው።

ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታካሚ ደግሞ የሪፈር ወረቀት፣ የራጅና የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የጤና መድን አባል ከሆነ የአባልነት መታወቂያውን በአንድ ፋይል ሊይዝ ይገባል። የራጅ ፊልም እንዳይታጠፍ በካርቶን መካከል ይቀመጥ። አስታማሚው የራሱን ጋቢ፣ ሳህንና ኩባያ ቢይዝ ወጪው ይቀንሳል።

በአውሮፕላን ለሚጓዙ

ወደ አካባቢው በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ አርፎ ቀሪውን በመኪና ይቀጥላል። በአየር ጉዞ ዋናው መለኪያ ክብደት ነው። የሚፈቀደው መጠን እንደ በረራውና እንደ ትኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ በትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያሻል። ከአገር ውጭ በሚደረግ በረራ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ግራም የተለመደ ሲሆን፣ ለዕቃ ጫኝ ሠራተኞች ደኅንነት ሲባል አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ግራም በላይ እንዲሆን በአብዛኛው አይፈቀድም። ሻንጣውን በሠፈር ሚዛን አስመዝኖ መሄድ በመንገደኞች ፊት ሻንጣ ከፍቶ ዕቃ ከመቀነስ ያድናል።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በብዙ አገሮች በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ መያዣ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት ውስጥ መሆን አለበት። ማርና ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። በተቃራኒው የስልክ መሙያ ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በእጅ ይያዛል። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። በተለመደው 3 ነጥብ 7 ቮልት ሲሰላ 20 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ከዚህ ወሰን በታች ነው።

ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሚሄዱ ወጣቶች የፓስፖርታቸውን፣ የቪዛቸውንና የሥራ ውላቸውን ቅጂ በሁለት ማዘጋጀት አለባቸው። አንዱ ቅጂ ከዋናው ተለይቶ በሌላ ሻንጣ ሲያዝ ሌላው በቤተሰብ እጅ ይቀራል። ዋናው ሰነድ ቢጠፋ ወይም በሌላ ሰው እጅ ቢያዝ ማንነትንና ውልን ለማስረዳት የሚያስችለው ይህ ቅጂ ነው። የቤተሰብና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ ቁጥርም በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። ከሁሉም በላይ ተከፍቶ ያልታየ የአደራ ዕቃ መቀበል አይገባም፤ በሻንጣው ውስጥ ለሚገኘው ሁሉ ተጠያቂው ሻንጣውን የያዘው መንገደኛ ነው።

ድንገት ለሚመጣ ጉዞ

የቆቦና የአካባቢው ነዋሪዎች ሳይዘጋጁ የሚነሡበትን ጉዞም አይተዋል። በሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. እና ዳግመኛ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ውጊያው ቆቦ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች በእጃቸው መያዝ የቻሉትን ብቻ ይዘው ወደ ወልድያና ወደ ደሴ አቅጣጫ ተሰደዋል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ዕቃ ለመምረጥ ጊዜ አይኖርም። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የባንክ ደብተርና የክትባት ካርድ በአንድ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተሰብስበው በታወቀ ቦታ ቢቀመጡ ጎርፍም ሆነ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢመጣ በአንድ እጅ ተነሥተው ይወጣሉ። ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሩቅ ዘመድ መላክም ሌላው መጠባበቂያ ነው።

ከመነሣት በፊት

ሻንጣ በመነሻው ሌሊት ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት ቢዘጋጅ የጎደለውን ለመግዛትና የተረፈውን ለመቀነስ ጊዜ ይገኛል። መንገዱ ክፍት መሆኑንና የጸጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው ዘመድና ከመናኸሪያ ማጣራትም የዝግጅቱ አካል ነው። ከተዘጋ በኋላ ሻንጣውን አንሥቶ ደረጃ መውጣት ወይም ጥቂት ደቂቃ መራመድ ጥሩ ፈተና ነው፤ በቤት የከበደ ሻንጣ በመንገድ አይቀልም። ከጉዞ መልስም ሳይነካ የተመለሰውን ዕቃ ለይቶ ማስታወስ ለሚቀጥለው ጉዞ ጠቃሚ ትምህርት ነው።

በአጠቃላይ ወደ ራያ ቆላ የሚወስደው መንገድ ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን የሚያገናኝ እንደመሆኑ ተጓዡ ጋቢውን በትከሻው፣ መድኃኒቱንና ሰነዱን በእጁ፣ የቀረውን በጣሪያው አድርጎ ቢነሣ ብርዱም ሙቀቱም ሳያስቸግረው ካሰበበት ይደርሳል።